ሳልባትዮ (የነዳጅ ታንክ) ውስጥ ውሃ ገባ ወይስ የነዳጅ ፓምፑ ሞተ? መጀመሪያ በጠርሙስ እንየው

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ የምነዳው ቪትዝ ነው፣ ራይድ ነው የምሠራበት። ማክሰኞ ማታ ዝናቡ እንዳባራ የነዳጅ መብራቱ በርቶ ስለነበር ሜክሲኮ አካባቢ 20 ሊትር ሞላሁ። ከለገሃር ቸርችልን ይዤ ወደ ፒያሳ ስወጣ ጥቁር አንበሳ ጋ መቆራረጥ ጀመረ፤ ቴዎድሮስ አደባባይ ሳልደርስ ጠፋ። ስሞክረው ይነሳና ይጠፋል። አንዱ መካኒክ ‹ፓምፑ ሞቷል፣ ቀይረው› አለኝ። ሌላው ‹ውሃ ገብቶበታል፣ አልኮል ጨምርበት› አለ። ጎረቤቴ ደግሞ ‹ሙሉ አድርገህ ሙላው፣ ውሃውን ከነዳጁ ጋር ይጨርሰዋል› ይላል። መኪናው ሰፈር ቆሟል፤ ሥራም ቆሟል። የማንን ልስማ?»

ወንድሜ፣ ከሦስቱም በፊት አንድ ንጹህ የብርጭቆ ጠርሙስ ፈልግ። ማርማላታ ወይም ማር የነበረበት፣ አፉ ሰፋ ያለ፣ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ቢሆን ጥሩ ነው። የሦስቱን ሰዎች ክርክር የሚፈታው እሱ ነው። እስከዚያው ግን እባክህ ቁልፉን አትንካው። «እስኪ አንዴ ልሞክረው» እያሉ ትንሹን ችግር ትልቅ ያደረጉ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። በሞከርክ ቁጥር ፓምፑ ከሥር ያለውን ውሃ እየሳበ ወደ ቱቦውና ወደ ኢንጀክተሮቹ (ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚረጩት) ይገፋዋል። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ይግላል፣ ባትሪው ይደክማል፤ ሳይቃጠል ያለፈው ቤንዚን ደግሞ ወደ ማርሚታው (ጭስ ማውጫው) መስመር ወርዶ ጭሱን የሚያጠራው ካታሊስት ላይ ይቃጠልና ያበላሸዋል። ሳልባትዮ ማጽዳት ብቻውን የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሞተሪኖና ካታሊስት ሲጨመሩበት ሂሳቡ ሌላ ይሆናል።

ከጻፍከው ስነሳ እኔም ውሃ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ምክንያቴን ልንገርህ፣ ነገ ሌላ መኪና ላይም ይጠቅምሃል። ችግሩ የጀመረው ከሞላህ በኋላ ጥቂት ሄደህ ነው። ቱቦው ውስጥ የቀረው የቀድሞ ነዳጅ እስኪያልቅ ሞተሩ ምንም አላወቀም፤ ከሳልባትዮው የመጣው ሲደርሰው ታነቀ። ደግሞ የባሰበት ዳገት ላይ ነው። አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ግን 750 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ውሃው ምንጊዜም ከሥር ይተኛል፤ ፓምፑም የሚስበው ከሥር ነው። ሜዳ ላይ ውሃው አንድ ጥግ ይዞ ተኝቶ ሊያሳልፍህ ይችላል። ቸርችልን ስትወጣ ግን መኪናው ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ የተኛው ውሃ ቦታውን ይለቃል፣ ሞተሩም ለዳገቱ ተጨማሪ ነዳጅ ይጠይቃል። በዚያች ቅጽበት ፓምፑ አፍ ላይ የደረሰው ውሃ ከሆነ ካንዴላው (ብልጭታ የሚሰጠው) የሚለኩሰው ነገር አያገኝም።

የሞላኸውም ሳልባትዮው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። የቪትዝ ሳልባትዮ ሲሞላ ከ40 ሊትር ትንሽ ከፍ ይላል፤ አንተ ጋ አሁን ያለው 25 ሊትር ቢሆን ነው። በዚህ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ቢገባ ከመቶ አራት እጅ ነው። መኪና ለማቆም ከዚያ በጣም ያነሰ ይበቃል።

«ፓምፕ ነው» ያለህ መካኒክ ዝም ብሎ አልተናገረም። የደከመ ፓምፕም የተደፈነ ፊልትሮም (የነዳጅ ማጣሪያ) ዳገት ላይ ሞተሩን ያንቃሉ። ልዩነቱ አመጣጡ ላይ ነው። ፓምፕ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ያስታውቃል፦ ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል፣ ከኋላ ወንበር ሥር የሚሰማው ድምፅ ይጨምራል፣ በሳምንትና በሁለት ሳምንት እየባሰበት ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ደህና ሠርቶ ከማደያ በወጣ በሩብ ሰዓት የወደቀ መኪና ሲመጣልኝ ግን ከነዳጁ ነው የምጀምረው። በኮምፒውተር ቢመረመር «ፒ 0300» ወይም «ፒ 0171» የሚል ኮድ ሊያወጣ ይችላል። የመጀመሪያው ሲሊንደሮቹ እየሳቱ ነው ማለት ነው፤ ሁለተኛው ነዳጁ ከአየሩ አንሷል ማለት ነው። ውሃም ፓምፕም እነዚህን ኮዶች ያመጣሉ። ኮድ ብቻ አይቶ ወዲያው ፓምፕ ግዛ የሚልህ ካለ አትቸኩል።

አሁን ወደ ጠርሙሱ። ናሙናው ከሥር መቀዳት አለበት። በመሙያው አፍ ቱቦ ሰደህ ከላይ የምትስበው ጥሩ ቤንዚን ሊሆን ይችላል፤ እሱን አይተህ «ንጹህ ነው» ብትል ትሳሳታለህ። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ሳይንቀሳቀስ ይደር። ቪትዝ ላይ ፓምፑ የተቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ወንበሩ ሲነሳ ወለሉ ላይ የቆርቆሮ ክዳን ታያለህ። መካኒኩ ፓምፑን ቀስ ብሎ ሲያነሳ በሚከፈተው አፍ፣ በእጅ በሚሠራ መሳቢያ ከወለሉ ግማሽ ሊትር ያህል ይቅዳልህ። ጠርሙሱን ክደንና ፀሐይ በማይነካው ቦታ ሃያ ደቂቃ ሳትነካው አቆየው። ከዚያ ዓይንህን ከጠርሙሱ እኩል ዝቅ አድርገህ ብርሃን ባለበት በኩል እየው።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ተክለ ሃይማኖት ወዳለው ጋራዣችን መኪናቸውን አስጎትተው መጡ። አንድ ቦታ ካንዴላ ቀይረውላቸዋል፣ ሌላ ቦታ ፓምፕ ቀይረውላቸዋል፤ መኪናው ግን አልነሳም ብሏል። ናሙና ቀድተን ጠርሙሱን መስኮቱ ጋ አስቀመጥነው። መጀመሪያ እንደ ጉሽ ጠላ ድፍርስ ነበር። ቀስ እያለ ከላይ ጠራ፤ ከታች አንድ ጣት ያህል የሚሆን ሌላ ፈሳሽ ቀረ፣ በሁለቱ መካከል በክር የተሠመረ የሚመስል ቀጭን መስመር ወጣ። ጠርሙሱን ሳዘነብለው መስመሩ እንደ ግንበኛ ውሃ ልክ አግድም እንደሆነ ቆየ። ከሥሩ ጥቂት የዝገት ቅንጣት ተኝቷል። እናታችን ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩትና «ይህን መጀመሪያ ለምን አላሳዩኝም ልጄ?» አሉኝ። የወጣው ፓምፕ ደህና እንደነበረ ሳስብ ዛሬም ያናድደኛል። አንተ ላይ እንዳይደርስ ነው ይህን ሁሉ የምጽፍልህ።

መስመር ካላየህ፣ ናሙናውም ወለል ብሎ የጠራ ከሆነ፣ የመጀመሪያው መካኒክ ልክ ሊሆን ይችላልና የነዳጁን ግፊት በመለኪያ አስለካ። መስመር ካየህ ግን ቀጥል።

አልኮል ጨምርበት ያለህ ሰው ሐሳቡ መሠረት አለው። ቤንዚንና ውሃ አይዋሃዱም፤ አልኮል ግን ሁለቱንም ስለሚወድ በመካከላቸው ሆኖ ጥቂት ውሃ ይዞ ከቤንዚኑ ጋር እንዲቃጠል ያደርጋል። ነገሩ የሚበላሸው መጠኑና ዓይነቱ ላይ ነው። ፋርማሲ የምታገኘው የቁስል አልኮል አብዛኛውን ጊዜ 70 በመቶ ነው፤ የቀረው ውሃ ነው። አረቄ ያፈሰሰበት ሰውም ገጥሞኛል። ቤት የወጣ አረቄ ግማሹ ያህል ውሃ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከግማሽ በላይ። አንድ ጠርሙስ አረቄ ጨመርክ ማለት ሁለት ብርጭቆ ያህል ውሃ በገዛ እጅህ አስገባህ ማለት ነው። 99 በመቶ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ብታገኝ፣ ያለው ውሃ ጥቂት ማንኪያ ብቻ ከሆነ ይጠቅማል። ጠርሙሱ ላይ ጣት የሚያህል ከታየህ ግን ያ አይበቃም። ሳልባትዮው ይውጣ፣ ይጽዳ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል የተጀመረው በአውሮፓውያኑ 2008 ነበር፣ በ5 በመቶ። በ2011 ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ዛሬ የሞላኸው ኢታኖል ይኑርበት አይኑርበት በዓይን አይታወቅም፤ ካለበት ግን የውሃው ጠባይ ይለወጣል። 10 በመቶ ኢታኖል ያለው ቤንዚን በ15 ዲግሪ አካባቢ በሊትር 5 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ሟሙቶበት ይቆያል፤ መኪናው ምንም ሳያሳይህ ትነዳለህ። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም ማታ ብርድ ሲመጣና የመያዝ አቅሙ ሲቀንስ፣ ውሃው ይለያል፤ ሲለይ ደግሞ ኢታኖሉንም ጠቅልሎ ይዞ ነው የሚወርደው። «ማታ ደህና አቁሜው ጠዋት አልነሳ አለ» የሚሉ ሰዎች አንዳንዶቹ ነገራቸው ይኸው ነው። ከላይ የቀረው ቤንዚን ኢታኖሉን ስላጣ ኦክቴኑ (ማንኳኳትን የመቋቋም አቅሙ) ይወርዳል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ሊያንኳኳ ይችላል።

ይህን ቤትህ መፈተን ትችላለህ። ቀጥ ባለ ጠባብ ብርጭቆ 100 ሚሊ ሊትር ከላይኛው ቤንዚን አድርግ፣ በመርፌ መስጫ ሲሪንጅ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምርበት፣ ውሃው የደረሰበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርግ። ከድነህ አነቃንቀውና አቆየው። ከሥር ያለው ከምልክቱ ከፍ ብሎ ከተገኘ ኢታኖል አለበት፤ ውሃው ስቦት ወርዷል። ከፍ ካላለ ግን ሳልባትዮው ውስጥ ያለው ውሃ ኢታኖሉን ቀድሞ ወስዶት ሊሆን ይችላል። እሳት፣ ሲጋራና ምድጃ በሌለበት፣ ደጅ ላይ ይሁን እንጂ።

ጎረቤትህ የመከረህ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ኢታኖል የሌለበት ቤንዚን ውሃ አይሸከምም ማለት ይቻላል፤ 40 ሊትር ሙሉ ቢሆን እንኳ የሚሟሟው ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። የቀረው እዚያው ከሥር ይተኛል። ዛሬ 25 ሊትር ማውጣት ይበቃህ የነበረው ነገ 40 ታወጣለህ። ውሃው በቆየ ቁጥር ደግሞ የሳልባትዮው ወለል ሊዝግ ይችላል፤ ዝገቱ ፊልትሮና ኢንጀክተር ይደፍናል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ከውጭ ማስገባት ተከልክሏልና ያለችህን ቪትዝ ጠብቀህ ማቆየት ይኖርብሃል።

ስለ ማውጣቱ ሥራ ስናወራ መጀመሪያ የምለምንህ አንድ ነገር አለ፦ የጋራዥ ጉድጓድ ላይ አይሠራ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወርዶ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል፣ አይታይም፣ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። ሶማሌ ተራና ተክለ ሃይማኖት ጋራዦቹ ተጠጋግተው ነው ያሉት፤ አንዱ ሲበይድ ሌላው ሳልባትዮ ይከፍታል። አጠገባችሁ ብየዳ ካለ «እስኪያልቅ እንጠብቅ» በል፣ አትፈር። ሥራው ደጅ ላይ ይሁን፣ የባትሪው ነጌቲቭ አስቀድሞ ይፈታ፣ የሚቀዳበት ዕቃ የብረት ጀሪካን ይሁን። በአፍ መሳብ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። ረዳት ልጆች በአፋቸው ሲስቡ ሳይ ልቤ ይደነግጣል። ትንሽ ቤንዚን ወደ ሳንባ ከገባ ሕመሙ ከባድ ነው። የዋጠ ሰው ካለ እንዲያስታውክ አታስገድዱት፤ ቀጥታ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ቪትዝ ላይ ከታች የሚፈታ የማፍሰሻ ብሎን አትጠብቅ። በፓምፑ አፍ በኩል ሁሉም ይሳብ። የመጨረሻዋ ግማሽ ሊትር ላይ ነው ሥራው ያለው፤ ውሃው እዚያ ነው። ክር በማይለቅ ጨርቅ ጥግ ጥጉ ይጠረግ። ወለሉ ላይ ዝገት ወይም ጭቃ ከታየ ሳልባትዮው ይውረድ። በውሃ ማጠብ የሚያስብ ካለ አስቁመው፤ በትንሽ ንጹህ ቤንዚን ነው የሚለቀለቀው። ፓምፑ ታች ላይ ያለችው ወንፊት ትጽዳ፣ ፊልትሮው ይቀየር። ወደ ሞተር የሚሄደው ቱቦም ይፍሰስ፤ እሱን ረስቶ ሁሉን ያጸዳ ሰው መኪናው እንደገና ሲታነቅበት ግራ ይጋባል። ካንዴላዎቹ ይውጡ፣ ይድረቁ።

ከዚያ ከሌላ ማደያ ያመጣኸውን ከ5 እስከ 10 ሊትር ጨምር። ሞተሩን ከማንሳትህ በፊት ቁልፉን ወደ ማብሪያው ብቻ አዙረህ ሁለት ሦስት ሰከንድ አቆይና አጥፋ፤ አራት አምስት ጊዜ ድገመው። እንዲህ ሲሆን ብዙ መኪኖች ላይ ፓምፑ ቱቦውን ይሞላል። ስታነሳው ከአሥር ሰከንድ በላይ አትግፋ፣ በመካከሉ አሳርፈው። መጀመሪያ ሊንገዳገድ ይችላል፤ ጥቂት ደቂቃ ታገሰው። በመጨረሻ የሞተር ዘይቱን በመለኪያው አውጥተህ አሽትተው። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ወይም ከመስመሩ በላይ ከፍ ካለ ቀይረው፤ ያን ሁሉ ስትሞክር ያልተቃጠለው ወደ ታች ወርዷል ማለት ነው።

የወጣውን ነዳጅ ወደ ቦይ አትድፋው። ቦዩ ቀበና ወይም ቡልቡላ ወንዝ ነው የሚደርሰው፣ ከታች በዚያ ውሃ አትክልት የሚያጠጣ ሰው አለ። ጀሪካን ውስጥ አንድ ቀን አስተኝተህ ከላይ ያለውን ቅዳ። ኢታኖል ከሌለበትና ጥርት ካለ ከአዲስ ጋር ቀላቅለህ ትጠቀምበታለህ። ኢታኖል ከነበረበት ለጋራዡ ተወው፣ ዕቃ ያጥቡበታል።

ከየት ገባ? ብዙ ጊዜ የምሰማው መልስ «ከብርዱ፣ ሳልባትዮው በውስጡ ላብ አውጥቶ» የሚል ነው። እስኪ እናስላው። በ20 ዲግሪ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር በጣም ቢረጥብ 17 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል። 40 ሊትር ባዶ ሳልባትዮ ውስጥ ያለው አየር ሁሉንም ቢያንጠባጥብ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። ወራት ሲጠራቀም የሚመጣ ነገር ነው፤ በአንድ ማታ መኪና አያቆምም። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ጣት የሚያህል ካየህ በአፉ የገባ ነው።

አፉን ራስህ ፈትሽ። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል? መሙያው ያለበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ ዝናብ የሚወርድባት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በጭቃ ስትደፈን ውሃው እዚያው ይቋጥርና ክዳኑ ሲከፈት ወደ ውስጥ ይገባል። ላቫጆ ላይም በኃይለኛ ግፊት እዚያ ቦታ ላይ ሲረጩ ተው በላቸው። ነዳጅ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የገዛህበት ቀን ካለም አስታውስ።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ማደያው ይቀራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የመሬት ውስጥ ታንከሩ ክዳን በደንብ ካልገጠመ ጎርፍ ይገባበታል። ቦቴ እየገለበጠ ባለበት ሰዓት መሙላትም ጥሩ አይደለም፤ ከሥር የተኛው ውሃና ዝቃጭ ይታመሳል። ስትሄድ ግን ተጣልተህ አትሂድ። ክፍያው በስልክ ስለሆነ ቀኑ፣ ሰዓቱና ብሩ ስልክህ ላይ አለ። ናሙናውን በሁለት ጠርሙስ አድርገህ አሽግ፣ መካኒኩ የመኪናውን ሰሌዳና ቀኑን ጽፎ ይፈርምበት፣ አንዱን አንተ ያዝ። ማደያዎች ውሃ የሚፈትኑበት ቅባት አላቸው፤ በመለኪያው ዘንግ ጫፍ ቀብተው ታንከሩ ውስጥ ሲያወርዱት ውሃ የነካው ድረስ ቀለሙ ይለወጣል። «እባካችሁ ፊቴ ለኩልኝ» በል። እምቢ ካሉ የከተማው ንግድ ቢሮ አለ፣ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንም አለ። በዚያው ማታ እዚያው የሞሉ ሌሎች የራይድ ሹፌሮች ካሉ ጠይቅ፤ አንድ ላይ ስትሄዱ ቃላችሁ ይሰማል።

ናፍጣ ለሚነዱም አንድ ነገር ልበል፣ በተለይ ለሚኒባስ ሹፌሮች። የናፍጣ ፊልትሮ ከሥሩ ውሃ የሚለይበት ቦታ አለው፣ ታች ላይ የሚላላ መፍቻም አለው። ክሩስኮት (ሹፌሩ ፊት ያለው የመብራቶች ሰሌዳ) ላይ የፊልትሮው ምልክት ከበራ ዛሬውኑ አላላውና ንጹህ ናፍጣ እስኪመጣ አፍስሰው። አዳዲሶቹ ሞተሮች ናፍጣውን ከ1500 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው የሚረጩት፤ የፓምፑና የኢንጀክተሩ ማለስለሻ ናፍጣው ራሱ ነውና ውሃ ሲገባ ብረት ከብረት ይፋጫል። እዚያ ላይ መብራቱን አይቶ «ነገ» ማለት አይቻልም።

አንተ ግን ነገ ጠዋት ከጠርሙሱ ጀምር። ከሥር የተለየው ስንት ጣት እንደሆነ፣ ዝገት እንዳለውና እንደሌለው፣ የክዳኑ ጎማ ምን እንደሚመስል ጻፍልኝ። ሳልባትዮው መውረድ ይኑርበት ወይስ በፓምፑ አፍ ማጽዳት ይበቃ እንደሆነ ከዚያ ተነስቼ እነግርሃለሁ።